የግቢ ልማድና የሕይወት እርካታ

የሕይወት እርካታ ሰው ኑሮውን በጠቅላላው መዝኖ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ከደስታ ስሜት ይለያል። የደስታ ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ውጤት ሲለጠፍ ይጋጋላል፣ እስከ ማታ ይበርዳል። እርካታ ግን «የምኖረው ኑሮ እንደምፈልገው ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ ረጋ ተብሎ የሚሰጥ መልስ ነው። ስለዚህ በጨዋታው ዶርሙን የሚያስቅ ተማሪ ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ዝቅተኛ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ ከቤተ መጻሕፍት የማይወጣው ዝምተኛ ጓደኛው ደግሞ ከፍተኛውን ሊሰጥ ይችላል።

ይህን ፍርድ በቁጥር ለመያዝ የተሠሩ መለኪያዎች አጫጭር ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት የሕይወት እርካታ መለኪያ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት። መላሹ ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ5 እስከ 35 ይደርሳል፤ 20 መካከለኛው ነው። ከዚያ ቀደም ሃድሊ ካንትሪል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው መለኪያ ደግሞ መሰላል ነው። የታችኛው እርከን 0፣ የላይኛው 10 ሆኖ ሰው ራሱን የትኛው ላይ እንደሚያስቀምጥ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ሀገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጠው በዚህ መሰላል ነው።

መለኪያዎቹ ቀላል ይሁኑ እንጂ በቀላሉ ይዛባሉ። ፍሪትዝ ስትራክ፣ ሊዮናርድ ማርቲንና ኖርበርት ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ስለ ፍቅር ቀጠሯቸው፣ ቀጥሎ ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ሁለቱ መልሶች በጣም ተቀራረቡ። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ግን ዝምድናው ጠፋ። ሰው ስለ ሕይወቱ ሲፈርድ በዚያ ሰዓት ከፊቱ የተቀመጠውን ነገር አብልጦ ይመዝናል ማለት ነው።

የአኗኗር ልማድ የሚባለው በሌላ በኩል ብዙም ሳይታሰብበት በየቀኑ የሚደጋገመው ነው፦ የመኝታና የመነሻ ሰዓት፣ አበላል፣ እንቅስቃሴ፣ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ፣ ስልክ፣ ከሰው ጋር አዋዋል። ሁለቱን በሰፊው ካገናኙት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በ21 ሀገሮች የሚገኙ 17,246 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የተመለከተው ነው። በጥናቱ ከፍ ያለ እርካታ ያላቸው ተማሪዎች የማያጨሱ፣ ስፖርት የሚሠሩ፣ ፍራፍሬ የሚበሉና ቅባት የሚቀንሱ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ሰፊ ነበር። መጠጥ ግን ከእርካታ ጋር ግልጽ ዝምድና አላሳየም። የጤና ባለሙያ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍራቸው ልማዶች ሁሉ ለእርካታ እኩል እንደማይመዝኑ ከዚህ ይታያል።

አንድ ክፍል፣ ብዙ ሰዓት

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው። ከ40 በላይ የሆኑት እነዚህ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን የሚቀበሉት በአብዛኛው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። ከወሎ ገጠር የተነሣ ልጅ አርባ ምንጭ፣ ከባሌ የመጣች ልጅ ጎንደር ልትመደብ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ባቆመው ሥርዓት፣ ተማሪው ምግብና መኝታ በግቢ ያገኛል፤ ወጪውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እንጀራ መጋገር፣ ቤት መከራየት አያስጨንቀውም። የሚከብደው ሌላው ነው። እስከ 12ኛ ክፍል ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ መቼ እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ቤቱ ሲወስንለት ኖሯል፤ አሁን ውሳኔው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጁ ይገባል።

በእጁ ገባ ይባል እንጂ የራሱ ብቻ አይሆንም። ዶርም ማለት ተደራራቢ አልጋ፣ ሎከርና አንድ የመብራት ማብሪያ የሚጋሩ ብዙ ሰዎች ናቸው። ምሽት 4 ሰዓት ላይ አንዱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሊተኛ ይሞክራል። ሌላው ለነገ የሚያስረክበውን አሳይመንት ይጽፋል። ሦስተኛው ከቴሌግራም ያወረደውን ፊልም ያለ ማዳመጫ ይከፍታል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አንዱ ለኪዳን፣ ሌላው ለሱብሒ ሶላት ይነሣል። የአንዱ ሌሊት የሌላውን ጠዋት ይወስናል። በግቢ ልማድ የሚበጀው በክፍል ነው፤ አንድ ተማሪ ብቻውን አመሉን ለመለወጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚያቅተውም ለዚህ ነው።

እንቅልፍ የሚጎትተው ሰንሰለት

ከልማዶች ሁሉ ሌሎቹን አብልጦ የሚጎትተው እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእንቅልፍ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ይመከራል። በግቢ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ ቁርስ ለመድረስ 12፡30 የሚነሣ ተማሪ የሚያገኘው አምስት ሰዓት ተኩል ነው።

ማምሸቱ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ግማሹ ምክንያት ግን የሰውነት ነው። በጉርምስናና በወጣትነት ዘመን እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ከልጅነትም ከጉልምስናም ዘመን ዘግይቶ ይመነጫል። የ19 ዓመት ወጣት ምሽት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ባይመጣለት ተፈጥሮው ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መጀመሩ ነው። ሰውነቱ ወደ ኋላ፣ ፕሮግራሙ ወደ ፊት ይጎትቱታል።

ጉዳቱ በውጤትም በስሜትም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ በሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እንቅልፍ በእጅ በሚታሰር መሣሪያ የተከታተለ ጥናት፣ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ከጎደለው ከእያንዳንዱ የሌሊት ሰዓት ጋር የሴሚስተሩ መጨረሻ ነጥብ በ0.07 ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ከ6 ሰዓት በታች የተኙት ላይ ጉዳቱ ጎላ ያለ ነበር። በስሜት በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት፣ አንድ ሌሊት ያልተኙ ወጣቶች አስከፊ ሥዕሎችን ሲያዩ አሚግዳላ የተባለው የአንጎላቸው ክፍል ከተኙት ይልቅ 60 በመቶ ያህል አብልጦ እንደሚነሣ አሳየ። በግቢ ቋንቋ፣ ያልተኛ ተማሪ ተራ ቀልድ ይከነክነዋል፤ የዶርም ጓደኛው የወሰደበት ጫማ ጠብ ይሆናል።

ሰንሰለቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ያልተኛ ሰው ቁርስ ያልፈዋል፣ ክፍል ይቀራል ወይም ተቀምጦ ያንቀላፋል፣ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ይውላል፣ የኳሱ ሰዓት ያመልጠዋል፣ ማታ ደግሞ ነቅቶ ስልኩን ይዞ ያድራል። የእርካታ መጠይቅ ቢቀርብለት የሚመዝነው ይህን የተገለበጠ ሳምንት ነው። የፈተና ሰሞን ሲመጣ ሰንሰለቱ ይጠብቃል። ሴሚስተር ሙሉ የተከማቸ ሃንድአውት በሁለት ሌሊት ይቸከላል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሳተመው የማስታወስ ምርምር ጀምሮ የሚታወቀው ግን ተከፋፍሎ የተጠና ትምህርት በአንድ ጊዜ ከታጨቀው የተሻለ እንደሚቆይ ነው።

ካፌ፣ ጾምና በሶ

የግቢ አበላል በካፌ ሰዓት ይመራል። ቁርስ ሻይና ዳቦ ወይም ፍርፍር፣ ምሳና ራት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ነው። መታወቂያ እየታየ፣ ቲከር የሚባለው ሠራተኛ እየመዘገበ ሰልፉ ይገፋል። ሜኑው ሳይለወጥ ሲደጋገም ገንዘብ ያለው ተማሪ ወደ ላውንጅ ወይም ከግቢ ውጭ ወዳሉ ምግብ ቤቶች ያዘነብላል። የምግብ ድርሻውን በብር ተቀብሎ «ነን ካፌ» የሚሆንም አለ። ለአንዳንዱ ይህ የነጻነት ምልክት ነው። ለሌላው ግን ብሩ በወሩ አጋማሽ አልቆ ከጓደኛ ትሪ መጉረስ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። በካፌ ሰልፍ ይህን ማሟላት አስቸጋሪ ነው፤ ፍራፍሬ በብዛት የሚገኘው ከበር ውጭ፣ በብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ተጨማሪ አትክልትና ፍራፍሬ ሲሰጣቸው ንቃታቸውና ተነሳሽነታቸው ጨመረ። የድብርትና የጭንቀት ምልክቶች ግን በዚያ አጭር ጊዜ አልተለወጡም። ምግብ ጉልበትን ቶሎ ያነሣል፤ ሰው በሕይወቱ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ለመለወጥ ግን ብቻውን አይበቃም።

ሁለት የሀገር ነገሮች እዚህ ላይ ይታከላሉ። የመጀመሪያው ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ሌሎቹም አጽዋማት ተደምረው ለምእመናን ከዓመቱ ወደ ግማሽ ያህል ይሆናል። ሙስሊም ተማሪዎች ረመዷንን ሙሉ ከንጋት እስከ መግሪብ ይጾማሉ። ረኃብ የእርካታ ጠላት ይመስላል፤ ጾም ግን የተመረጠ ረኃብ ነው። ትርጉም አለው፣ የጋራ ነው፣ ማብቂያው ይታወቃል። በረመዷን ማታ በአንድ ላይ የሚያፈጥሩበት ክፍል፣ በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ተማሪዎች በመዋጮ ያዘጋጁትን ዶሮ የሚበሉበት ዶርም በተማሪ ሕይወት ጎልተው ከሚታወሱ ነገሮች ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው ከቤት የሚመጣው ስንቅ ነው። በሴሚስተር መጀመሪያ ሻንጣዎች ሲከፈቱ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ሽምብራ ቆሎ ይወጣል። የካፌ ሰዓት ያለፈበት ተማሪ በሶውን በውሃና በስኳር በጥብጦ ይጠጣል፤ ጭኮው ለክፍሉ ሁሉ ይቆረሳል። በምግብነቱ እህል ነው። በልማድነቱ ደግሞ ተካፍሎ መብላትን ያጸናል፤ ከእርካታ ጋር ያለው ዝምድናም ከካሎሪው ይልቅ በዚህ በኩል ይጎላል።

ቡና፣ ጫትና ሲጋራ

ለመንቃት የሚወሰዱት ነገሮች ከእንቅልፍ ጋር በብድር ይሠራሉ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ድካምን የሚያሳውቀው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ይይዛል፤ ድካሙ አለ፣ መልእክቱ ግን አይደርስም። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከግቢ በር አጠገብ በጀበና ከሚሸጥ ቡና ማታ 2 ሰዓት ላይ የተጠጣ ሲኒ እኩለ ሌሊት ሲያልፍም ገና አልወጣም።

ጫት የበለጠ ውስብስብ ነው። በግቢዎች አካባቢ ባሉ ሰፈሮች ከምሳ በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ለውዝና ውሃ ቀርቦ በርጫ ይጀመራል። መጀመሪያ ጨዋታው ይደራል። ምርቃናው ሲገባ ክፍሉ ጸጥ ይልና እያንዳንዱ ወደ ሃንድአውቱ ወይም ወደ ሐሳቡ ይገባል። ያን ሰዓት የሚወጣው ዕቅድ ብዙ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ከአወዳይም ሆነ ከወንዶ በጥድፊያ ይጓጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ጫትን ከቀላል እስከ መካከለኛ ሥነ ልቦናዊ ጥገኝነት ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች መድቦታል።

ዋጋው የሚከፈለው በማግስቱ ነው። ምግብ አይቀመስም፣ እንቅልፍ ይርቃል፣ ጠዋት ድብርት ይጫናል። ምርቃናውን ለማውረድ «ጨብሲ» ተብሎ አልኮል ሲታከልበት ሌሊቱ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይሸከማል። ድብርቱን ለማራቅ ደግሞ ሌላ ጫት ይፈለጋል። በርጫውን ለመተው የሚያስቸግረው ግን ቅጠሉ ብቻ አይደለም። አብረው የሚቀመጡት ልጆች የተማሪው የቅርብ ጓደኞች ናቸው፤ ሲተው ከእነርሱም ይነጠላል። በአንጻሩ በሐረርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጫት በጸሎትና በማኅበራዊ ሥርዓት የተገራ ረጅም ታሪክ አለው። በፈተና ዋዜማ ለንቃት የሚቃመው የዚያ ሥርዓት ልጓም የሌለው ነው።

ሲጋራን በተመለከተ ከላይ የተጠቀሰው የ21 ሀገሮች ጥናት ግልጽ ነው፤ አለማጨስ ከእርካታ ጋር አብሮ ይሄዳል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ትምባሆና አልኮል መሸጥን ከልክሏል። አብዛኞቹ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በዚህ ክልከላ ውስጥ ናቸው።

ሜዳው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሰፋፊ ግቢዎች ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ካፌ የሚደረገው ጉዞ የዚህን የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል። ቀሪው የሚገኘው ከሜዳ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ የዲፓርትመንት ኳስ ይጀመራል፤ ዙሪያውን የሚሮጡ፣ በእግር የሚዞሩ፣ ቁጭ ብለው የሚሳደቡ ደጋፊዎች ይሞሉታል። ቅዳሜና እሑድ ግን ብዙው ወንድ ተማሪ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ይታጨቃል። ጓደኝነቱ አለ፣ እንቅስቃሴው የለም። ጨዋታው በስፖርት ውርርድ ሲታጀብ ደግሞ ከቤት የተላከው ብር አብሮ ይሄዳል።

በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ተማሪዎችን በየቀኑ እየጠየቀ ተከታትሏቸዋል። ተማሪው ከራሱ የወትሮ መጠን በላይ በተንቀሳቀሰበት ቀን ለሕይወቱ የሚሰጠው ነጥብም ከፍ ይል ነበር። ማነጻጸሪያው ራሱ ተማሪው ነው፤ ስፖርተኛ መሆን አይጠበቅበትም። ከወትሮው ጥቂት የበለጠ መንቀሳቀስ ለዛሬው ፍርድ ይበቃል።

ዕድሉ ግን እኩል አይደለም። ሜዳው ሲመሽ ለሴት ተማሪዎች ይጠብባቸዋል። ለከፋው፣ የጨለመው መንገድና የሩጫ ልብስ ላይ የሚወረወረው አስተያየት ብዙዎቹን ወደ ዶርም ይመልሳቸዋል። በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ሥርዓተ ትምህርት የአካል ብቃት ትምህርት መካተቱ ሁሉንም ሜዳ ላይ ያወጣል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ልማዱን የሚያስቀጥል ነገር ከሌለ አብሮት ያልቃል።

ስልክ

ስማርት ስልክ የግቢው ቤተ መጻሕፍት፣ ሲኒማ፣ የባንክ ደብተርና የቤት ደብዳቤ ነው። ሃንድአውትና የድሮ ፈተና በቴሌግራም ይደርሳል፤ የወላጅ ብር በቴሌብር ይገባል። የዚያኑ ያህል ቲክቶክ ሌሊቱን ይወስዳል። ሌሊት ኢንተርኔት ርካሽ በሚሆንበት ጥቅል የሚጠቀም ተማሪ ደግሞ ለመቆጠብ ብሎ እንቅልፉን ይከፍላል።

ጥናቶች እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስተምራሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ኮሌጆች በተራ ስለተዳረሰ፣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማነጻጸር ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ትንተና መድረኩ በገባባቸው ግቢዎች የተማሪዎች የአእምሮ ጤና መጓደሉን፣ ለዚህም ራስን ከሌሎች ጋር ማወዳደር ዋና ምክንያት መስሎ መታየቱን አሳይቷል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ሙከራ 143 ተማሪዎች ተሳትፈው፣ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለእያንዳንዳቸው በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ የተመደቡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸውና የድብርት ምልክቶቻቸው ቀነሱ። በሌላ በኩል ኤሚ ኦርበንና አንድሪው ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 እጅግ ብዙ የታዳጊዎች መረጃ መርምረው፣ የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በደኅንነት ስሜት ላይ ካለው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ እንደሚያብራራ ደረሱበት።

እነዚህ ግኝቶች አይጋጩም። በአማካይ ሲታይ የስልክ ጫና ትንሽ ነው። የሚከብደው እንቅልፍን ሲተካ ወይም ማወዳደርን ሲያበዛ ነው። ባሕር ማዶ የሄደ የክፍል ጓደኛውን ፎቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚያይ ተማሪ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይሸከማል። በዚያው ስልክ ለእናቱ ደውሎ የሚያወራ ግን ሌላ ነገር እያደረገ ነው።

ሰው

ከሁሉም ልማዶች ከእርካታ ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ የሚወጣው ከሰው ጋር መዋል ነው። ዲነርና ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 222 የኮሌጅ ተማሪዎችን አጥንተው እጅግ ደስተኞቹን 10 በመቶ ከሌሎቹ ለዩ። እነዚህ ተማሪዎች ስፖርት በመሥራት፣ በሃይማኖታዊ ተሳትፎ ወይም በገጠማቸው መልካም ነገር ብዛት ከሌሎቹ ጉልህ ልዩነት አልነበራቸውም። የለያቸው የጠበቀ ጓደኝነትና ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር ማሳለፋቸው ነው። ተመራማሪዎቹ መልካም ግንኙነት ብቻውን ደስታን እንደማያረጋግጥ፣ ያለ እርሱ ግን ደስታ እንደማይገኝ ደመደሙ።

በኢትዮጵያ ግቢዎች ይህን ጓደኝነት የሚያቆሙ ሥርዓቶች አሉ። ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በማኅበረ ቅዱሳን በሚደራጁ ግቢ ጉባኤያት፣ ወንጌላውያን በኢቫሱ ኅብረቶች፣ ሙስሊሞች በጀመዓ ይሰበሰባሉ። አዲስ ገቢውን መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ የሚቀበለው፣ የታመመውን የሚጠይቀው፣ ብር ላለቀበት የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ይህ ኅብረት ነው። ሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ያገኛል፤ ሌሊት የሚታደርበት ሌላ ቦታ ይቀንሳል። ስለዚህ የሃይማኖት ተሳትፎ ለእርካታ የሚሰጠው ነገር በከፊል እምነቱ፣ በከፊልም ያመጣው ሰውና ሥርዓት ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቦችና የክፍል የጥናት ቡድኖችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ጓደኝነቱ ግን የሚቆመው መተማመን ባለበት ነው። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች ተማሪዎች ሞተዋል፣ ብዙዎች ግቢያቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሰላም በሌለበት ግቢ ተማሪ የሚቀመጠው በቋንቋው ከሚመስለው ጋር ብቻ ነው፤ ማታ ቤተ መጻሕፍት መሄድ፣ ሜዳ መውጣት፣ ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር መብላት አብረው ይቀራሉ።

የቱ ይቀድማል?

ልማድና እርካታ አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ልማዱ እርካታውን ያመጣል፤ የስልክ ገደብ ሙከራው የሚደግፈው ይህን ነው፤ ተማሪዎቹ የተመደቡት በዕጣ ስለነበር። ሁለተኛው፣ እርካታው ልማዱን ያመጣል፤ በሕይወቱ ተስፋ ያለው ሰው ለመሮጥ ይነሣል፣ የተከፋው ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ሦስተኛው፣ ሁለቱንም የሚያመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ጠባይ፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ድህነት።

በኢትዮጵያ ሦስተኛው ችላ አይባልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በማካካሻ ፕሮግራም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሥራ ማግኘት አለ። ተማሪ «ኑሮዬ እንደምፈልገው ነው ወይ?» ሲባል የሚመዝነው እንቅልፉንና ምግቡን ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቁትን ታናናሾቹንም ይቆጥራል።

ምን ይለወጣል?

ልማድ በክፍልና በግቢ የሚበጅ ከሆነ፣ ለውጡም በሁለቱም በኩል ይመጣል። ግቢው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፦ ለዶርም የጸጥታ ሰዓት መወሰን፣ ሌሊት የሚያነቡትን መብራት ወዳለው ቤተ መጻሕፍት መሳብ፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ሴቶች ዶርም የሚወስደውን መንገድ ማብራት፣ ለሴቶች የሜዳ ሰዓት መለየት፣ የካፌውን የቁርስ ሰዓት ጥቂት ማራዘም። በአንደኛ ዓመት የሚሰጠው የሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት ትምህርት የጊዜ አጠቃቀምን፣ የአጠናን ዘዴንና ጭንቀትን መቋቋምን ያካትታል። ለፈተና ከሚሸመደድ ይልቅ በዚያው ሴሚስተር በዶርም ቢሞከር ፍሬ ይኖረዋል።

ተማሪው በበኩሉ ሁሉን ባንድ ጊዜ ከመለወጥ የመነሻ ሰዓቱን ቢያጸና ይቀለዋል። የመኝታ ሰዓት በክፍል ጓደኞች ይዛባል፤ የመነሻው ግን በእጁ ነው። ሰዓቱ ከጸና ቁርስ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜና የማታው ድካም በየተራቸው ይስተካከላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ከሰው ጋር የሚደረግ ቋሚ ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ፣ የጥናት ቡድን ወይም ጉባኤ። እንቅስቃሴና ጓደኝነት በአንድ ሰዓት ሲገኙ ለመቀጠል ይቀላል። ስልክን ከትራስ ማራቅና ጫትን ከፈተና ዋዜማ መለየትም ያን ጊዜ ይቀላል፤ ቦታቸውን የሚይዝ ነገር ተገኝቷልና።

ልማድ የማይደርስባቸው ነገሮችም አሉ። ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየቆየ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ጉዳዩ የአኗኗር ምክር አይደለም። ድብርት ሕመም ነው፤ የግቢው ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት ክፍል ወይም በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል የሚያየው ነው። የዶርም ጓደኛ ድርሻም እስከዚያ ድረስ አብሮ መሄድ ነው።